ባለውለታውና የዳኑት፦ በ«ዱም ፓትሮል» ኮሚክ ውስጥ ስላለው የገጸ ባሕርያት ትስስር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ የታተመው የ«ዱም ፓትሮል» ኮሚክ 121ኛ እትም አራት ጀግኖችን ደሴት ላይ አስይዞ አንድ ምርጫ ያቀርብላቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ የነበረው ዛል የተባለ ጠላታቸው በሁለት ቦታ ፈንጂ አጥምዷል፤ አንደኛው እነሱ በቆሙባት ደሴት፣ ሁለተኛው ደግሞ ሜይን በተባለው ግዛት በምትገኝ ኮድስቪል በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በመንደሯ የሚኖሩት 14 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ጀግኖቹ ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም አያውቁም። ዛል የሚፈልገው እነሱን መግደል ብቻ ሳይሆን ማዋረድም ጭምር ነው፤ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሲሉ መንደሯን አሳልፈው ሲሰጡ ዓለም እንዲያይ ይመኛል። እነሱ ግን ፈንጂው በእኛ ላይ ይፈንዳ አሉት፤ ደሴቷም ከነሱ ጋር ጠፋች።

የአንድ ቡድን ዋና አባላት በሙሉ በአንድ ቀን ሞተው መጽሔቱም አብሯቸው ሲያበቃ ማየት በዚያ ዘመን ኮሚክ ያልተለመደ ነገር ነበር። አዘጋጁ መሪ ቦልቲኖፍና ሠዓሊው ብሩኖ ፕሬሚያኒ ራሳቸው በሥዕሉ ውስጥ ገብተው፣ የጀግኖቹ ዕጣ በአንባቢው እጅ መሆኑን ሲናገሩ ይታያሉ። ብዙ ሰው ይህንን እትም የሚያስታውሰው በዚህ ምክንያት ነው። እኔን ያስገረመኝና ዛሬም የሚያስገርመኝ ግን የአራቱ ሰዎች መልስ ፍጥነት ነው። ለአምስት ዓመት ያህል ሲነታረኩ፣ ሲኳረፉ፣ አንዱ በሌላው ሲቀና የኖሩ ሰዎች ስለ ሞታቸው ሲጠየቁ አልተከራከሩም። ያ ስምምነት ከየት እንደ መጣ ለማወቅ እነዚህ ሰዎች በምን እንደ ተሳሰሩ መመርመር ያስፈልጋል፤ እኔም ለዚህ ትስስር ከቋንቋችን ያገኘሁለት ትክክለኛ ስም ውለታ ነው።

ውለታ ስል ደግነት ማለቴ አይደለም። ደግነት ተደርጎ ያልፋል፤ ውለታ ግን ተደርጎ ይቀመጣል። ውለታ የተዋለለት ሰው ባለውለታውን ባየ ቁጥር አንድ ያልተከፈለ ነገር እንዳለ ያስታውሳል፤ ባለውለታው ምንም ባይጠይቅ እንኳ ይህ ሸክም አይቀልም፤ እንዲያውም ባለመጠየቁ የበለጠ ይከብዳል። በልዕለ ጀግና ኮሚክ ውስጥ ቡድኖች የሚሰባሰቡት በአብዛኛው ጠላት ስለ መጣ ወይም ዓላማ ስላስተባበራቸው ነው። የዱም ፓትሮል አባላት የተሰባሰቡት ግን አንድ ሰው ከሞት አድኗቸው ስለ ነበር ነው።

ቡድኑ መጀመሪያ የታየው በ1963 ዲሲ ኮሚክስ ያሳትመው በነበረው «ማይ ግሬተስት አድቬንቸር» በተባለው መጽሔት 80ኛ እትም ነው። የፈጠሩት ደራሲዎቹ አርኖልድ ድሬክና ቦብ ሄኒ ከሠዓሊው ፕሬሚያኒ ጋር ሆነው ሲሆን፣ ከ86ኛው እትም ጀምሮ መጽሔቱ ራሱ በቡድኑ ስም መጠራት ጀመረ። ክሊፍ ስቲል የመኪና እሽቅድምድም ሯጭ ነበር፤ በደረሰበት አደጋ ሰውነቱ ከጥቅም ውጭ ሲሆን አንጎሉ ብቻ ተርፎ ከብረት በተሠራ አካል ውስጥ ተቀመጠ፣ ሮቦትማንም ተባለ። ላሪ ትሬነር የሙከራ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ በበረራ ላይ ሳለ በጨረር ተመትቶ ሰውነቱ ለሌሎች አደገኛ ስለ ሆነ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በልዩ ፋሻ ተጠቅልሎ ይኖራል። ሪታ ፋር የፊልም ተዋናይት ነበረች፤ አፍሪካ ውስጥ ፊልም ስትሠራ ከመሬት የወጣ እንግዳ ጋዝ ተንፍሳ ሰውነቷን እንደ ሕንጻ ማግዘፍና እንደ ጉንዳን ማሳነስ የምትችል ሆነች። (የዚያ ዘመን ኮሚክ አፍሪካ አንድም የሚታወቅ ከተማ የሌላት፣ ለነጮች አደጋ የሚደርስባት ባዶ መድረክ ናት። እንደ አፍሪካዊ አንባቢ ይህን ገጽ ሳልፍ ሁልጊዜ ቅር ይለኛል፤ ሥራውን ስለምወድ ይህን ጉድለቱን መሸፈን አልሻም።) እነዚህን ሦስት ሰዎች ያሰባሰባቸው በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ሳይንቲስት ናይልስ ኮልደር ነው፤ እነሱም «አለቃ» ይሉታል።

ከሦስቱ ኃይሎች ስለ ቡድኑ ብዙ የሚነግረን የላሪ ነው። በላሪ ሰውነት ውስጥ ጥላ የሚመስል የኃይል ፍጡር አለ፤ ይህ ፍጡር ከሰውነቱ ወጥቶ ግድግዳ ያልፋል፣ በብርሃን ፍጥነት ይበርራል፣ የጠላትን መሣሪያ ያመክናል። ሆኖም ከ60 ሰከንድ በላይ ውጭ ከቆየ ላሪ ይሞታል፤ በእነዚያ 60 ሰከንዶችም ሰውነቱ እንደ በድን ተዘርግቶ ይተኛል፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊገድለው ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ሰው ኃያል በሆነበት ቅጽበት ከሁሉም የደከመ ነው። ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ካልጠበቀው ኃይሉን መጠቀም አይችልም። ስለዚህ የውጊያው ትዕይንት ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ፍጡሩ በሰማይ ሲዋጋ ክሊፍ ወይም ሪታ መሬት ላይ የተዘረጋውን ሰውነት ይጠብቃሉ። በየእትሙ አንባቢው የሚቆጥረው የጠላትን ብዛት ሳይሆን የቀሩትን ሰከንዶች ነው። ደራሲዎቹ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይተማመናሉ ብለው መጻፍ አላስፈለጋቸውም፤ መተማመኑን በኃይሉ ሥርዓት ውስጥ አስቀምጠውታል።

ክሊፍም በሌላ መንገድ እንዲሁ ነው። ብረት በመሆኑ ሞት ከሚያስከትል ነገር ፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ እጁ ይቆረጣል፣ እግሩ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ጓደኞቹን ለማዳን ራሱ የራሱን አካል ይነቅላል። ከዚያ አለቃው ይጠግነዋል። አንዴ የተዋለ ውለታ እንደ ገና በየወሩ ይታደሳል ማለት ነው፤ ክሊፍ በተጎዳ ቁጥር ወደዚያው ሰው የሥራ ጠረጴዛ ይመለሳል። ይህ ሰው ቁጡ፣ ነገረኛ፣ ከላሪ ጋር ያለ ማቋረጥ የሚነታረክ መሆኑ ለሳቅ ብቻ የገባ አይመስለኝም። ምግብ መቅመስ፣ እጅ መጨበጥና ሙቀት መሰማት የተነፈገ ሰው ሕያው መሆኑን ለራሱ የሚያረጋግጥበት አንድ መንገድ ቀርቶታል፤ እሱም መናገር ነው።

ሪታ ከሁለቱ የምትለየው መልኳ ያልተነካ በመሆኑ ነው። ከፈለገች ወደ ቀድሞ ሕይወቷ የምትመለስበት በር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋባትም፤ ክሊፍና ላሪ ግን ከዚያ ቤት ወጥተው የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም። በሦስቱ መካከል ያለው ውጥረት ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል። በዓለም አምስተኛው ባለጸጋ የተባለው ስቲቭ ዴይተን ሪታን ለማግኘት ሲል የአእምሮ ኃይልን የሚያጎላ የራስ ቁር ሠርቶ ሜንቶ በሚል ስም ሲመጣ፣ ሁለቱ ወንዶች በግልጽ ይጠሉታል። ጥላቻቸው ቅናት ነው፤ ነገር ግን ቅናት ብቻ አይደለም። ዴይተን ያልቆሰለ ሰው ነው። ኃይሉን በገንዘቡ ገዝቷል፣ ሲደክመውም አውልቆ ያስቀምጠዋል። ሪታ በ1966 በ104ኛው እትም ዴይተንን ስታገባ ክሊፍና ላሪ የሚያጡት ሴት ብቻ ሳትሆን፣ የጉዳታቸው እኩያ የምትሆን እህትም ጭምር ናት። ድሬክ ከሠርጉ ቀደም ብለው፣ በ1965 በ99ኛው እትም፣ ጋርፊልድ ሎገን የተባለውን፣ መላ አካሉ አረንጓዴ የሆነ፣ ወደ እንስሳት የሚለወጥ ወላጅ አልባ ልጅ ወደ ታሪኩ አስገቡ፤ ሞግዚቱ ውርሱን እየበላበት ነበርና ሪታና ዴይተን ልጁን ለማሳደግ ይታገላሉ። እዚህ ላይ ቡድኑ ቀስ በቀስ ቤተሰብ ወደ መሆን ይሄዳል፤ ቤተሰብ ሲባልም አማቹ የማይወደድበት፣ ልጁ አፉ የማያርፍበት እውነተኛ ቤተሰብ ነው።

ወደ አለቃው እንመለስ። በ88ኛው እትም፣ በ1964፣ የኮልደር የራሱ ታሪክ ይተረካል። ወጣት ሳይንቲስት ሳለ ማንነቱን ያላወቀው ሰው ለምርምሩ ገንዘብ ይሰጠው ነበር። ባለውለታው ማን እንደ ሆነ ሲደርስበት፣ ዕድሜውን ለማራዘም የሚቋምጠው ጄኔራል ኢሞርተስ ሆኖ አገኘው፤ ሥራውን አልቀጥልም ሲል ደግሞ ኢሞርተስ በሰውነቱ ውስጥ ፈንጂ አስቀመጠበት። ኮልደር ፈንጂውን ያስወጣው ራሱ በሠራው ሮቦት በተደረገ ቀዶ ጥገና ሲሆን፣ ዋጋውም እግሮቹ ሆኑ። ድሬክ ይህንን ሲጽፉ ከ28 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ሆኖም ዘሩ እዚህ ተዘርቷል፤ የአለቃው ሕይወት የተበላሸው መርዝ ባለበት ውለታ ነው፤ ውለታ ሰውን እንዴት እንደሚያስር ከቡድኑ ሁሉ አስቀድሞ በገላው የተማረው እሱ ነው።

ጠላቶቻቸውም ከዚሁ ጨርቅ የተቀደዱ ናቸው። የክፋት ወንድማማቾች የተባለውን ቡድን የሚመራው «ብሬይን»፣ ስሙ እንደሚለው፣ በመስታወት ውስጥ የሚኖር አካል አልባ አንጎል ነው፤ ከሞት ያተረፈውም ራሱ አስተምሮ ያሳደገው ማላህ የተባለው ጎሪላ ነው። ከክሊፍና ከአለቃው ጋር አስተያዩት። እዚያ ያዳነው አስተማሪው ነው፤ እዚህ ተማሪው አስተማሪውን አድኗል። በአንደኛው ቤት ውለታው ቁጣ ወለደ፣ በሌላው ግን ፍቅር። ይህ ፍቅር በግልጽ የተነገረው ዘግይቶ፣ መጽሔቱ እንደ አዲስ ከተጀመረ በኋላ በጻፉት በደራሲው ግራንት ሞሪሰን ዘመን፣ በአዲሱ ቁጥር በ34ኛው እትም ነው፤ ብሬይን የክሊፍን ብረት አካል ሰርቆ ውስጡ በገባበት ሰዓት እሱና ማላህ ለዘመናት የደበቁትን ይናዘዛሉ፣ ወዲያውም ይጠፋሉ። ጎሪላና አንጎል ሲተቃቀፉ ማየት ለአንዳንዱ አንባቢ የማይረባ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ከዱም ፓትሮል ገጾች ሁሉ እጅግ ከሚያሳዝኑት አንዱ ነው፤ ምክንያቱም ክሊፍ በዚያው አካል ውስጥ ለዓመታት ኖሮ ያላገኘውን እነሱ ለጥቂት ቅጽበት አግኝተውታል።

ከዚህ በላይ ከመሄዴ በፊት ስለ ታዋቂነት አንድ ነገር ልበል። ዱም ፓትሮል በታየ በሦስት ወር ውስጥ ማርቨል «ኤክስ ሜን»ን አወጣ፤ እዚያም በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሊቅ ዓለም የገፋቸውን ሰዎች ይሰበስባል። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈስሶበታል፤ እኔ አልገባበትም። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንደኛው ቡድን በዓለም ታወቀ፣ ሌላው በ1968 ተቋረጠ። አለመታወቅ ለደራሲ ጉዳት ብቻ አይደለም። ሱፐርማን ወይም ባትማን በአንድ ታሪክ ውስጥ ምንም ቢደርስባቸው በቀጣዩ ወር ወደ ነበሩበት መመለስ አለባቸው፤ ስማቸው የብዙ ሰው እንጀራ ነው። የማይታወቅ ጀግና ግን ሊሞት፣ ሊያረጅ፣ ሊከዳ፣ ይቅር ላይባል ይችላል። በገጸ ባሕርያት መካከል ያለ ዝምድና ትርጉም የሚኖረው ሊፈርስ የሚችል ሲሆን ነው፤ በዱም ፓትሮል ውስጥ ማንኛውም ዝምድና ሊፈርስ እንደሚችል አንባቢው ያውቃል።

በ1977 ፖል ኩፐርበርግ ቡድኑን በአዲስ አባላት አስነሱት፤ ክሊፍ ከፍንዳታው ተርፎ ተገኘ፣ በ1987 በተጀመረው አዲስ መጽሔት ደግሞ ላሪና አለቃው ተመለሱ። ያ ዘመን በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አልጨመረም። ነገሩ የተለወጠው በ1989 ሞሪሰን ከሠዓሊው ሪቻርድ ኬዝ ጋር ከ19ኛው እትም ጀምሮ ሥራውን ሲረከቡ ነው። ክሊፍን የምናገኘው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ከ26 ዓመት ጀግንነት በኋላ ስለ አጣው አካል ያለቀሰለት ሰው ስላልነበረ ራሱ ሊያለቅስ ገብቷል። እዚያ ክሬዚ ጄን የተባለችውን ሴት ያገኛል። ጄን በልጅነቷ ከአባቷ የደረሰባት በደል ነፍሷን ከፋፍሎት በውስጧ 64 ማንነቶች ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ኃይል አላቸው። ላሪ ደግሞ በዚሁ ጊዜ ያለ ፈቃዱ ከኃይሉ ፍጡርና ኤሌኖር ፑል ከተባለች ሐኪም ጋር ተዋሕዶ ረቢስ የተባለ አንድ ፍጡር ይሆናል፤ ስለ ገላው የሚወስነው አሁንም ሌላ ነው።

የክሊፍና የጄን ዝምድና በአሜሪካ ኮሚክ ውስጥ ከማውቃቸው ሁሉ በጥንቃቄ የተጻፈው ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ አእምሮ ብቻ ቀርቶት ገላ የሌለው ሰው ነው፤ ሌላዋ ገላዋ የስቃይዋ ማስታወሻ የሆነባት፣ በሰው መነካት የማትችል ሴት ናት። ብረት የሆነ እጅ ለእሷ አያስፈራም። በ30ኛው እትም ጄን በራሷ ውስጥ ጠፍታ መናገር ስታቆም፣ ክሊፍ ወደ አእምሮዋ ይገባል። ያ ዓለም የተሣለው ከመሬት በታች በሚሄድ የባቡር መስመር መልክ ነው፤ በየጣቢያው ከማንነቶቿ አንዳቸው ይኖራሉ፤ ከሁሉም ግርጌ ደግሞ ጉድጓድ አለ። ክሊፍ እስከዚያ ድረስ ይወርዳል። የሚያስፈልገን ትልቁ ነጥብ ግን ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው፤ ክሊፍ አዳንኩሽ አይልም፣ ጄንም ባለዕዳው ነኝ ብላ አትኖርም። አለቃው ክሊፍን ሲያድነው ውሳኔው የአለቃው፣ ጠረጴዛውም የአለቃው ነበር። ክሊፍ ግን ጄንን የፈለገው እሷ ባለችበት፣ በራሷ መንገድ ወርዶ ነው። በዚህ መጽሔት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ያለ ውለታ ሲድን እናያለን።

ይህን ያየ አንባቢ በ1992 ወደ ወጣው 57ኛው እትም ሲደርስ ምድር ትከዳዋለች። አለቃው፣ ለረጅም ጊዜ የቡድኑ ታማኝ አባል የነበረውን ጆሹዋ ክሌይን ከገደለ በኋላ፣ ለክሊፍ እውነቱን ይነግረዋል። የመኪናውን አደጋ ያደረሰው እሱ ነው። የላሪንም በረራ፣ የሪታንም ጋዝ ያሰናዳው እሱ ነው። የሰው ልጅ የሚለወጠው በመቅሠፍት ነው የሚል አመለካከት ይዞ፣ መቅሠፍትን በእጁ ሠርቶ ውጤቱን ሲመለከት ኖሯል። ከዚህ የሚከፋው መከራከሪያው ነው፤ ክሊፍ ከአደጋው በፊት ከራሱ በቀር ለማንም የማያስብ ሰው እንደ ነበር ያስታውሰዋል፤ ሰው ያደረገህ ጉዳትህ ነው ይለዋል።

ይህ መከራከሪያ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር። ግን በከፊል እውነት ነው። ክሊፍ በእርግጥ ተለውጧል፤ ለሌላው ሰው ሕይወቱን የሚሰጥ፣ ጄን አጠገብ በትዕግሥት የሚቀመጥ ሰው የሆነው በዚያ ብረት ውስጥ ነው። ታዲያ ለዚህ ለውጥ የሚገባው ምስጋና ለማን ነው? እኔ እንደማነበው የታሪኩ መልስ አስቀድሞ በ30ኛው እትም ተሰጥቷል፤ ጄንም በመቅሠፍት የተሠራች ናት፣ ነገር ግን ለኃይሏ አባቷን ማመስገን አለባት ብሎ የሚያስብ አንባቢ የለም። ኮልደር የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ነው። ጉዳቱን ያደረሰ ሰው፣ ከጉዳቱ ተነሥቶ የቆመ ሰው ያፈራውን ፍሬ የራሱ አድርጎ ይቆጥራል።

አሁን ወደዚያች ደሴት ተመልሰን እንይ። በ1968 ከሞቱት አራት ሰዎች አንዱ አለቃው ነበር። ሪታ እሱን እንደ አባት እየቆጠረች፣ የሕይወቷን መፍረስ ያቀደው እሱ መሆኑን ሳታውቅ ከጎኑ ቆማ ሞተች። የ14ቱ መንደርተኞች ምርጫ ዛሬ ሲነበብ እንደ ድሮው ንጹሕ አይደለም። ሆኖም አልረከሰም። ሦስቱ ሰዎች ለማያውቋቸው ሰዎች ሕይወታቸውን የሰጡት የአለቃውን ውለታ ለመመለስ ቢሆን ኖሮ፣ የውለታው ሐሰት መሆን መሥዋዕታቸውን ባዶ ባደረገው ነበር። ነገር ግን በየወሩ 60 ሰከንድ ሲቆጥሩ የኖሩት እነሱ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን በድን ሰውነት ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ከመንደሯ ሰዎች ፊት ሲቆም የሚያደርገው አዲስ ነገር አልነበረም። አለቃው ሰበሰባቸው እንጂ አላስተሳሰራቸውም።

በ2019 ተጀምሮ በአራት ምዕራፍና በ46 ክፍሎች የተጠናቀቀው የቴሌቪዥን ተከታታይም ይህንኑ ክህደት ይዟል፤ ነገር ግን አለቃው ዕድሜውን ለማራዘም ምርምሩን ያካሄደው ሴት ልጁን ዶሮቲን ለመጠበቅ ሲል እንደ ሆነ አድርጎ ምክንያቱን ለውጦታል። ተዋናዩ ቲሞቲ ዳልተን ገጸ ባሕርይውን በሚያሳዝን ርኅራኄ ተጫውተውታል፤ አባት ለልጁ ሲል ያጠፋው ጥፋት ልብን ይነካል። እኔ ግን የኮሚኩን ጭካኔ እመርጣለሁ። አባትነት ሰበብ ሲሆን ይቅርታው ወደ ቀላሉ ያዘነብላል፤ ያለ ሰበብ የተደረገ ክፋት ግን ክሊፍን ያለ ምንም መደገፊያ ብቻውን ያቆመዋል።

በኮሚኩ የአለቃው ቅጣት ያልታሰበ መልክ አለው። ዶሮቲ ስፒነር ከተባለችው፣ በኮሚኩ የአለቃው ልጅ ሳትሆን የቡድኑ አባል ከሆነች ልጅ ምናብ የወጣው አስፈሪ ፍጡር የአለቃውን ራስ ከአንገቱ ለየው፤ በኋላም ራሱ ብቻ በበረዶ ተይዞ ይኖራል፣ ሬቸል ፖላክ ከ1993 ጀምሮ መጽሔቱን ሲረከቡም የቡድኑ አካል ሆኖ ይቀጥላል። ክሊፍን ያደረገውን ሆነ ማለት ነው፤ ያለ ገላ የሚያስብ፣ ሰው ካላነሣው የማይነሣ ራስ። ክሊፍም በዚያ ቤት አብሮት ይኖራል።

የሞሪሰን የመጨረሻ እትም ግን የአለቃውን ነገር ትቶ ስለ ጄን ነው። 63ኛው እትም ጄንን እንደ እኛ ባለ፣ ጀግና የሌለበት ዓለም ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ስለ ጓደኞቿ ስትናገር ሐኪሞቿ ሕልም ነው ይሏታል፣ እሷም ቀስ በቀስ እምነቷን ታጣለች፣ በመጨረሻም ድልድይ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። ክሊፍ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ማንም አልላከውም፤ ሲፈልጋት ቆይቶ አገኛት፣ የብረት እጁንም ዘረጋላት።